የታይሮይድ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት አድሬናል ዕጢን ማስመርመር፦ መቼ እና እንዴት

የታይሮይድ ሆርሞን አንሷቸው ሌቮታይሮክሲን የሚታዘዝላቸው ሰዎች አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድካሙና ብርዱ እየተዋቸው ይሄዳል። ጥቂቶቹ ግን ኪኒኑን ከጀመሩ በኋላ ጭራሽ ይብስባቸዋል፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ያዞራቸዋል፣ ምግብ ይዘጋቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ይከሳሉ። እንዲህ ሲሆን መጠኑ አንሶ ይሆናል ተብሎ መድኃኒቱ ሊጨመር ይችላል። ችግሩ ያለው አድሬናል ዕጢ ላይ ከሆነ ግን መጨመሩ በሽተኛውን ለሕይወት ወደሚያሰጋ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል።

አድሬናል ዕጢዎች በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡ ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው። ኮርቲሶል የተባለው፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ደግፎ የሚይዘው ሆርሞን የሚመነጨው ከእነርሱ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት ኮርቲሶልን የሚያስወግድበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ አድሬናሉ የደከመ ሰው በምትመነጨው ጥቂት ኮርቲሶል እንደምንም ይከርማል። ሌቮታይሮክሲን ሲጀምር ግን የሰውነቱ ሥራ ይፈጥናል፣ የኮርቲሶል ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ያለችውም ቶሎ ትወገዳለች። ጤነኛ አድሬናል የጎደለውን ወዲያው አመንጭቶ ይተካል፤ የታመመው ስለማይችል የደም ግፊት ይወርዳል፣ ማስመለስ ይከተላል፣ ራስን እስከ መሳትም ይደርሳል። ሐኪሞች ይህን አድሬናል ክራይሲስ ይሉታል።

ይህ በሁሉም የታይሮይድ ታካሚ ላይ የሚደርስ አይደለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የራስዎን የሕመም ታሪክ ይመርምሩ። የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ታይሮይዱን የሚያጠቃበት ሰው አልፎ አልፎ አድሬናሉም በዚያው መንገድ ይጠቃል፤ ጀርመናዊው ሐኪም ማርቲን ሽሚት ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1926 ነበር። ከታይሮይዱ ጋር ለምጽ ወይም በኢንሱሊን ብቻ የሚታከም ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ካለብዎት ይህን ለሐኪምዎ መናገር አይርሱ። የሳንባ ነቀርሳም አድሬናልን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ቀደም ሲል ቲቢ ታክመው ከሆነ ይህም ሊነገር ይገባዋል።

በእኛ አገር ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ መንገድ አለ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢዋ ደም አጥቶ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ዕጢ ታይሮይድንም አድሬናልንም የሚያዝ በመሆኑ ሁለቱም በአንድነት ይደክማሉ፤ ጡቷ ወተት አለመያዙና የወር አበባዋ ሳይመለስ መቅረቱ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ለዓመታት ደም ማነስ ነው እየተባለች የምትኖር እናት ትኖራለች። እዚህ ላይ ላብራቶሪውም ያሳስታል፦ ፒቱታሪ ታይሮይድን የሚያዝበት ቲኤስኤች የተባለው ሆርሞን እንደተለመደው ከፍ አይልም፣ እንዲያውም ትክክል መስሎ ይታያል፣ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ከታይሮይድ የሚመነጨው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ-4 ነው።

እንደ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ያቋረጠ ሰውም አድሬናሉ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ቆዳ ለማቅላት ተብለው ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ክሬሞች አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ለሐኪም መንገሩ የሚያሳፍር ቢመስልም መንገር ያስፈልጋል።

ከምልክቶቹ መካከል ከታይሮይድ ማነስ ጋር የማይስማሙትን ይለዩ። የታይሮይድ ማነስ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ያወፍራል፣ የአድሬናል ድክመት ግን ያከሳል። ጨው አብዝቶ ማማር፣ ሲነሡ ማዞር፣ በደም ምርመራ የሶዲየም መቀነስና የፖታሲየም መጨመርም ወደ አድሬናል ያመለክታሉ። የቆዳ መጥቆር በመጻሕፍት የታወቀ ምልክት ቢሆንም በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይምና፣ ድድን፣ የመዳፍ መስመሮችንና አዲስ ጠባሳን ማየት ይሻላል። ፒቱታሪ በተጎዳበት ወይም ስቴሮይድ በተቋረጠበት ሰው ግን ይህ መጥቆር አይኖርም።

ጥርጣሬ ካለ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የጠዋት ኮርቲሶል እንዲለካ ይጠይቁ። ደሙ የሚወሰደው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ናሙና በጤነኛ ሰውም ዝቅ ስለሚል ትርጉሙ ይጠፋል። ውጤቱ በዴሲሊትር ከ3 ማይክሮግራም በታች ከሆነ የአድሬናል ድክመት በብርቱ ይጠረጠራል፤ ከ18 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይወገዳል ለማለት ይቻላል። በመካከል ያለው፣ ፒቱታሪ አድሬናልን የሚያዝበት ሆርሞን ኤሲቲኤች በመርፌ ተሰጥቶ ኮርቲሶል በድጋሚ በሚለካበት ምርመራ ይለያል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ይህን ያሳውቁ።

ድክመቱ ከተረጋገጠ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ኮርቲሶልን የሚተካው መድኃኒት፣ ከዚያ ሌቮታይሮክሲን። ለአዋቂ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ተከፍሎ ነው፤ ኪኒኑ በማይገኝበት ቦታ ዝቅተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን ይተካዋል። ከዚህ በኋላ ቲኤስኤች እንደገና ቢለካ መልካም ነው፤ የኮርቲሶል እጥረት ራሱ ቲኤስኤችን በመጠኑ ከፍ ስለሚያደርገው፣ የታይሮይድ በሽታ የመሰለው ነገር አንዳንዴ ያለ ሌቮታይሮክሲን ይስተካከላል።

ሌቮታይሮክሲኑን ቀድመው ጀምረው ከባሰብዎት መጠኑን በራስዎ አይጨምሩ፤ ሳይዘገዩ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ማስመለስ ካላቋረጠ ወይም ራስዎን ከሳቱ ቦታው ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያ የሚሰጠው 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌና ሳላይን (በደም ሥር የሚገባ የጨው ውሃ) ስለሆነ፣ አብሮዎት የሚሄደው ሰው አድሬናል ብሎ መናገር ቢያውቅ ጊዜ ይተርፋል።

በኢንተርኔት የአድሬናል ድካም እየተባለ የሚወራው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሕክምናው ዓለም ተቀባይነት ያለው በሽታ አይደለም፤ ለእርሱ ተብለው ከሚሸጡት እንክብሎች አንዳንዶቹ ያልተጻፈባቸው ስቴሮይድና የታይሮይድ ሆርሞን ተገኝቶባቸዋል።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ትኩሳት ሲይዝዎት የሃይድሮኮርቲሶኑ መጠን ለጊዜው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይደረጋል፤ ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ኮርቲሶልንም ሌቮታይሮክሲንንም ቶሎ ስለሚያጠፋ፣ ሲጀመር ሁለቱም መጠኖች ይታያሉ። ለጾም ወራትም ኪኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድና መጾም ይቻል እንደሆነ ቀደም ብለው ይጠይቁ። በኪስዎ የሚይዙት፣ የአድሬናል ድክመት እንዳለብዎትና ስቴሮይድ እንደሚወስዱ የሚገልጽ ካርድ ደግሞ ባሉበት አገር ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ በዐረብ አገሮች ያሉ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ቢያዘጋጁት ይመረጣል።