ዜኖን ከመግጠም በፊት፦ ደካማ የፊት መብራትን ማስተካከል

የሃሎጅን (የተለመደው ባለክር የመኪና አምፖል) መብራት አንጸባራቂ የተሠራው ለቀጭን የጋለ ክር ነው። ዜኖን ክር የለውም፤ ብርሃኑ በጋዝ ውስጥ ከሚፈጠር ቅስት ይወጣል፣ የቅስቱም ቅርጽ ከክሩ ይለያል። ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ቤት (አምፖሉን፣ አንጸባራቂውንና መስታወቱን በያዘው አካል) ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል፣ የአጭር መብራት የላይኛው ድንበር (ብርሃኑ ከላይ የሚያበቃበት መስመር) ይደበዝዛል። ኤች7 የተባለው ዓይነት 55 ዋት ሃሎጅን 1500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ሲሰጥ 35 ዋት ዜኖን 3200 ገደማ ይሰጣል፤ ከዚህ የሚበተነው ብርሃን ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል። ለራስዎም አይበጅም፤ ቅርቡ መንገድ ከልክ በላይ ሲደምቅ ሩቁ ይጨልማል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። ሞተሩን አስነስተው፣ መብራቱን አብርተው በባትሪውና በአምፖሉ ሶኬት ላይ ቮልቴጅ ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ የዛገውን የቦዲ ማሰሪያ (የኔጋቲቭ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን ቦታ) ያጽዱ፤ ካልበቃ ከባትሪው በፊውዝና በሬሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አድርገው አዲስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሳቡ። ቮልቴጅ በ5 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና ይህን አይናቁት።

የደበዘዘ የፕላስቲክ መስታወት በውኃ በራሰ 1000፣ 2000፣ 3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል ይፈገፈጋል፤ ከዚያ ከፀሐይ የሚከላከል ቅብ ይቀባል። ቅቡ ከተዘለለ በወራት ውስጥ መልሶ ቢጫ ይሆናል።

አምፖል በጥንድ ይቀይሩ፣ ብርጭቆውን በጣት አይንኩ።

በመጨረሻ የጎማውን ነፋስ አስተካክለው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ይራቁ። መብራቱ ላይ 1 በመቶ (የብርሃኑ ቁልቁለት መጠን) ከተጻፈ የአጭር መብራቱ የላይኛው ድንበር ከአምፖሉ ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ዜኖን የግድ ከሆነ ሙሉ ቤቱ ለዜኖን በተሠራ ይቀየር፤ ባላስቱ (ለዜኖን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው መሣሪያ) መብራቱን ሲያስነሳ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚያወጣ በርቶ ሳለ አይነካም።