ቋንጃዬን ያዘኝ፦ ጡንቻው ነው ወይስ ነርቩ?

እኛ ጎጃም ከታፋ ጀርባ የተነሳ ህመም ሁሉ «ጅማቴ ዞሮ ነው» ይባልና ቀጥታ ወጌሻ ጋ ነው፣ ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል። አንዳንዱ ይሻለዋል አንዳንዱ ይብስበታል፣ ሦስት የተለያየ ችግር በአንድ ስም ስለምንጠራ ነው።

ኳስ ላይ ስትሮጡ ድንገት ከታፋ ኋላ ጧ ብሎ፣ ተረከዛችሁን ወደ መቀመጫ ስትስቡ የሚያም ከሆነ ጡንቻ ነው የተሰነጠቀው። እዛ ጋ በውጭ በኩል ባይሴፕስ ፌሞሪስ፣ በውስጥ በኩል ሴሚቴንዲኖሰስና ሴሚሜምብራኖሰስ የሚባሉ ጡንቻዎች አሉ፣ በአብዛኛው ከምንቀመጥበት አጥንት ተነስተው ጉልበትን አልፈው ይወርዳሉ፣ ጉልበት አጥፋችሁ ስትዳስሱ ገመድ የሚመስለው ቋንጃ የነሱ ጫፍ ነው። ጨዋታውን አቁሙ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያዙበት፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ወይ 3 ቀናት እባካችሁ አትታሹ፣ የደማ ጡንቻ ሲታሽ ይበልጥ ይደማል። ከዛ ቀስ እያሉ መራመድ። ታፋው ከጠቆረና መርገጥ ካቃተ ግን ጅማቱ ከአጥንቱ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ሂዱ።

ከመቀመጫ ተነስቶ እስከ እግር ጣት እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ስታስሉ የሚብስ ከሆነ ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ፣ ሳያቲክ ነርቭ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ተጭኖት። ታፋውን ቢያሹት ምን ይረባል ችግሩ ወገብ ላይ እያለ! አልጋ ላይ አትዋሉ፣ ተንቀሳቀሱ፣ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ብሽሽትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ለነገ አይባልም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፣ ብዙም ስለማያም ይናቃል። ጤፍ አረም ወይ አጨዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ የዋለ ሰው ማታ ሲነሳ እግሩ ወደ ላይ አልታጠፍ ይለዋል፣ ጣቱ መሬት ይጠርጋል፣ ሰዉም «መጋኛ መታው» ይላል። መጋኛ አይደለም። ሳያቲኩ ከጉልበት ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ የውጪው ቅርንጫፍ ከጉልበት ዝቅ ብሎ በቅልጥሙ ውጪ በኩል ባለችው ቀጭን አጥንት አንገት ላይ ከቆዳ ስር ይዞራል፣ ጉልበት ለሰአታት ታጥፎ ሲቆይ እዛው ይጨፈለቃል። ሀኪሙ ታፋችሁንም ቢፈትሽ አይግረማችሁ፣ ባይሴፕስ ፌሞሪስ ካሉት ሁለት ራሶች (መነሻዎች) አጭሩን የሚያዘው ያው ቅርንጫፍ ስለሆነ እሱም ከደከመ ጉዳቱ ከጉልበት በላይ ነው ማለት ነው። ቁጢጥ ማለትና እግር ማነባበር ወዲያው ይቁም፣ በሳምንቱ ውስጥ ሀኪም ጋ ታዩ፣ አብዛኛው በሳምንታት ወይ በወራት ይመለሳል። የደነዘዘውን እግር ደግሞ እሳት ዳር አታሙቁት፣ ሲቃጠል አይሰማችሁም። አረሙ ካላለቀ በየግማሽ ሰአቱ ተነስታችሁ ቁሙ ወይ ዝቅ ያለች ዱካ ይዛችሁ ውጡ።