ሐዲድ በሌለበት ከተማ ባቡር መሥራት

ባሕር ዳር ባቡር የለም። ምን ችግር አለው፣ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሞዴል አድርገን እንሠራዋለን።

መጀመሪያ ሰው ሰብስቡ፤ ለብቻ ይሰለቻል። ሁሉም የየራሱን የመስመር ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ላይ ቤቱ ይሠራና እሁድ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ይገጣጠማል። ታዲያ የጠርዙ ቁመትና ሐዲዱ የሚወጣበት ቦታ ሁሉም ላይ አንድ ይሁን፤ ይህን ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ቡናው በጭቅጭቅ ያልቃል።

መጠኑ 1:87 ይሁን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው)፣ በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው። የሐዲዱ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት፣ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋት 1 ሜትር ስለነበር እሱን በትክክል ልሥራ ያለ 12 ሚሊ ሜትሩን ይፈልግ። ለጀማሪ ግን አልመክርም።

መሬቱን በፎም ቅረጹ፣ ኮላ ቀቡ፣ የተነፋ አሸዋና ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ በትኑበት። ለጣና ዳር ደንገል የመጥረጊያ ጭራ ቆርጦ መትከል ይበቃል።

ዋናው ጨዋታ ማስረጀቱ ነው። አዲስ ፉርጎ ያብለጨልጫል፤ መጀመሪያ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንፉበት። ሲደርቅ ቡናማ አክሪሊክ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡና ሳይደርቅ በጨርቅ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ፤ ዝናብም የሚወርደው እንዲያ ነው፣ ቆሻሻው ብሎኖቹ ሥር ይቀራል። ለዝገት ባለቀለም ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አስይዙ። ለጥላሸት የከሰል ዱቄት፣ እሱም ጣሪያው ላይ ብቻ። መጨረሻ ላይ ደግማችሁ የምትነፉት ቫርኒሽ ዱቄቱን ስለሚያደበዝዘው መጀመሪያውኑ ትንሽ አብዙት።

የሐዲዱን አናትና የጎማዎቹን መርገጫ ግን ቀለም እንዳይነካው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ነው።