ፓምፑ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይስብም፦ ሦስት ቀን ያለፋኝ ችግር

ድርቁ በጠናበትና ሰደድ እሳት በሚያሰጋበት ሰሞን ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት የቤንዚን ፓምፕ እምቢ አለኝ። ሞተሩ በአንድ ጉተታ ይነሳል። ውሃ ግን የለም። ቱቦው ትንሽ ይንጠባጠብና አየር ብቻ ይተነፍሳል።

መጀመሪያ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን) ቀየርኩ። ምንም። ሞተሩ ደህና ስለነበር እሱን መነካካቴ ጊዜ ማባከን ነበር። የመሳቢያውን ወንፊት አጠብኩ፣ የፓምፑን ሆድ ውሃ እየሞላሁ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም ያው። ከዛ ውሃው ስለሸሸ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ እንዲህ ያለ ፓምፕ ውሃው ከሱ በታች ከ7 ሜትር ገደማ በላይ ሲርቅበት መሳብ ይቸገራላ። በገመድ ስለካው 4 ሜትር ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እየሠራ በመሳቢያ ቱቦው መገጣጠሚያዎች ላይ በጣሳ ውሃ አፈሰስኩ። ፓምፑ አፍ ላይ ያለው ጋ ስደርስ ውሃውን ፉት አደረገው፣ ድምፁም ተለወጠ። ፈታሁት። ውስጡ ያለው የጎማ ጓርኒሲዮን (መገጣጠሚያውን የሚያሽገው ቀለበት) ከሙቀቱ ብዛት ደርቆ ጣቴ ላይ ተፈረፈረ። አየር የሚስበው ለካ በዚያ ነው!

አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባሁ፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠቅልዬ አጠበቅኩ፣ የፓምፑን ሆድ እስኪፈስ ሞልቼ አስነሳሁ። ውሃው ወዲያው ተንዠቀዠቀ።

ስትሞክሩ ግን ሆዱ ውሃ ሳይኖረው ሞተሩን አስነስታችሁ እንዳታቆዩት፣ የውስጡ ማሸጊያ ይቃጠላል። እኔ አሁን በየሁለት ሳምንቱ አስነሳዋለሁ፤ መለዋወጫ ጓርኒሲዮንም እጀታው ላይ በሽቦ አስሬያለሁ።