አጌት ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን እዩት

አጌት በንብርብር መስመሮቹ የሚታወቅ የጌጥ ድንጋይ ነው። ዓይን የሚወጋ ሮዝ ወይም ሰማያዊ አጌት ካያችሁ፣ ቀለም የተነከረ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የተፈጥሮው በአብዛኛው ግራጫ፣ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ቀይ ነው። ቀዩና ቡናማው ከብረት የመጣ ነው። መንከሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ጀርመን ውስጥ ኢዳር ኦበርሽታይን ከተማ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። ሻጩ እያወቀ ዝም ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለመለየት አፈጣጠሩን ማወቅ ይረዳል። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ቅልጥ አለት ሲበርድ የጋዝ አረፋ የነበረበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሲሊካ (አሸዋ በአብዛኛው የተሠራበት ማዕድን) የሟሟበት ውሃ እዚያ ይገባና ግድግዳውን በስሱ እየለበጠ፣ ንብርብር በንብርብር፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሞላዋል፤ መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ የኳርትዝ ክሪስታል፣ አንዳንዴም ባዶ ጉድጓድ የምታገኙት ለዚህ ነው። መስመሮቹም በአብዛኛው የክፍተቱን ቅርጽ ተከትለው ይጠማዘዛሉ።

አሁን ወደ ብርሃን ያዙትና በአጉሊ መነጽር እዩት። ውስጡ ክብ ክብ አረፋ ካለ መስታወት ነው። ቀለሙ ስንጥቆቹ ውስጥ ከተጠራቀመ ተነክሯል። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የራሰ ጥጥም ሞክሩ። ከለቀቀ አለቀ፤ ካልለቀቀ ግን ገና አልተረጋገጠም። ለምሳሌ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ድንጋዩን ስኳር በበዛበት ውሃ ዘፍዝፎ ቀጥሎ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በመክተት ነው፣ እና ውስጡ የሚቀረው ካርቦን በማሸት አይወጣም። (አሲዱን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት!)

ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ (የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 የሚለካበት) ከ6.5 እስከ 7 ስለሆነ ተራ ቢላ አይጭረውም። ስትፈትኑት በማይታየው ጀርባው በኩል ይሁን።

በዚሁ ጥንካሬው የላብራቶሪ ሙቀጫና የወርቅ ቅብ ማለስለሻ ይሠራበታል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስደንቀው ቅርጻ ቅርጹ ነው፦ ቀራጩ ነጩን ንብርብር ለምስሉ ያስቀረዋል፣ ዙሪያውን ፍቆ ከሥር ያለውን ጥቁር ያወጣና ምስሉ ጎልቶ ይታያል፤ ቀለም አያስፈልገውም።

ለማጽዳት ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና በቂ ነው። የተነከረ ከሆነ ፀሐይ ላይ አታቆዩት፣ ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል።