የሩቁን ብርድ ከወሎ ሆኖ ማንበብ

ዩሪያ በአመዛኙ ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚመረት፣ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የማዳበሪያን ዋጋ አስቀድሞ ለመገመት የሚሻ ሰው የአሜሪካንና የአውሮፓን ብርድ መከታተል ይኖርበታል። እዚያ የከርሰ ምድር የጋዝ ማከማቻው የሚሞላው በአብዛኛው በእኛ ክረምት ሲሆን፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ደግሞ ለቤት ማሞቂያ ይቀዳል።

የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ የሚያወጣውን የክምችት ዘገባ ያንብቡ፤ መጠኑን ለብቻው ሳይሆን ካለፉት 5 ዓመታት አማካይ ጋር ያነጻጽሩት። ክምችቱ ከአማካዩ በታች ሳለ ብርዱ ከበረታ የጋዙ ዋጋ በፍጥነት ይንራል፤ ማከማቻው ሞልቶ ከሆነ ግን ያው ብርድ ገበያውን እምብዛም አያናውጠውም። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የአውሮፓ ክምችት ቀንሶ ጋዝ ሲወደድ፣ ብርዱ ገና ሳይገባ አንዳንድ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ቀንሰዋል። በአንድ ሳምንት የአየር ትንበያ ብቻ መደምደም፣ በእኔ እምነት፣ ችኮላ ነው።