ሜይፍላይ ከወንዝ የምትወጣበትን ጊዜ እንዴት ቀድመን እናውቃለን?

ሜይፍላይ ወንዝና ሐይቅ ዳር የምትታይ ትንሽ በራሪ ነፍሳት ናት፤ ዕድሜዋን ከሞላ ጎደል የምትጨርሰው ግን ውኃ ውስጥ ነው። በእጭነት ብዙ ወራት፣ አንዳንዷ ዝርያ እስከ 3 ዓመት ትቆያለች። ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን ምንም አትበላም። አብዛኞቹ በጥቂት ሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተራክበው፣ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። አንድ ቀን ከዘገያችሁ አለቀ።

ስለዚህ ካላንደር ብቻ አትመኑ። መጀመሪያ የውኃውን ሙቀት ተከታተሉ። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሁሌም ከአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩና ጻፉት። ውኃው ሲሞቅ እጮቹ ቶሎ ያድጋሉ፤ ብርዱ ከተራዘመ መውጫቸውም ይገፋል። በሀንጋሪው ቲሳ ወንዝ ትልልቆቹ ሜይፍላዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት በጁን ቢሆንም፣ ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለያያል።

ቀጥሎ እጮቹን እዩ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ነው። ውኃው ጥልቅ ካልሆነበት ቦታ አንድ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ አንሱና ገልብጡት። ክር የመሰለ 3፣ አንዳንዴም 2 ጅራት ያላት፣ ሆዷ ግራና ቀኝ ላይ ስስ መተንፈሻ የተደረደረላት እጭ ትንቀሳቀሳለች። ጀርባዋ ላይ ያሉትን የክንፍ እምቡጦች አተኩራችሁ ተመልከቱ። ፈዛዛ ከሆኑ ገና ናት። አብጠው ከጠቆሩ ግን መውጫዋ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተመላለሱ። ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት እንጂ ሜዳ ላይ አትተዉት፣ እጮቹ ይደርቃሉ።

ሰዓቱስ? በቀዝቃዛ ወራት ብዙዎቹ የሚወጡት ቀትር አካባቢ፣ ውኃው ትንሽ ሞቅ ሲል ነው። በሞቃት ወራት ደግሞ ወደ ማምሻው ወይም ሲመሽ ጠብቁ። ጨረቃ የምትከተልም አለች፦ የቪክቶሪያ ሐይቋ ፖቪላ አዱስታ በብዛት የምትወጣው ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ጥቂት ምሽቶች ነው።

ባዶ ቆዳ ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ፣ ዓሦች ብቅ ጥልቅ ሲሉ፣ ወፎች ወንዙን እየታከኩ ሲመላለሱ ካያችሁ ተጀምሯል ማለት ነው። ቶሎ አትሂዱ። ከውኃው የወጣችው ገና ክንፏ ደብዛዛ ነው፤ ሣር ወይም ቅጠል ላይ አርፋ አንዴ ደግማ ቆዳዋን ስትጥል ክንፏ እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ክንፍ አውጥተው መብረር ከቻሉ በኋላ ቆዳ የሚቀይሩ ነፍሳት እነዚህ ብቻ ናቸው፣ እና ይህንን በዓይን ማየት በእውነት ደስ ይላል።

በማታ ከሄዳችሁ ደማቅ መብራት አታብሩ። ብርሃን ስለሚስባቸው እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ ሳይጥሉ ዳር ላይ ያልቃሉ።